አንዲት የሸክላ ማኅተም ይዤ ወደ ዴንቨር

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ፎቅ ይጠይቀኛል። እውነቱን ለመናገር ፎቁን በደንብ አላየሁትም። የቆየሁበትን ጊዜ ሁሉ ዓይኔ ቦርሳዬ ላይ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት የፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ነበረች፤ እሷ ውስጥ ጥጥ፣ ጥጡ ውስጥ ደግሞ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ሸክላ። እንግዲህ የዴንቨርን ውበት ፍለጋ ይህን ማንበብ የጀመረ ካለ ከአሁኑ ቢተወው አልቀየመውም።

ሸክላዋ የሸክላ ሠሪ ማኅተም ናት። የጥንት ሮማውያን ቀይ የሚያብረቀርቅ ሳህን ሲሠሩ ጌጡን አንድ በአንድ በእጅ አይቀርጹትም ነበር። እንዲህ ባለች ትንሽ ማኅተም ላይ ቅጠል ወይም አበባ ይቀርጹና በእርጥቡ የሳህን ቅርጽ ማውጫ ላይ ይጫኗታል፤ ሳህኑ ሲወጣ ጌጡን ይዞ ይወጣል። የኛዋ ማኅተም የወይን ቅጠል አለባት። ችግሩ የተገኘችው ሮም ሳይሆን አክሱም መሆኑ ነው።

ያገኟት የቀድሞ አለቃዬ ጋሽ ዘሪሁን ናቸው። በንጉሡ ዘመን፣ ገና ወጣት ባለሙያ ሳሉ፣ አንድ ጉድጓድና ስድስት ቆፋሪዎች ተሰጥተዋቸው ሲያስቆፍሩ ከገሎች መሀል ብቅ አለች። የቁፋሮው ኃላፊ የውጭ አገር ሰው ነበር። አገላብጦ አያትና፣ ይህ ሮም ገበያ ላይ ለቱሪስት የሚሸጥ ነው፣ ቆፋሪዎቹ ለጉርሻ ብለው ቀብረውት ነው አለ። በዚያን ጊዜ ጥሩ ዕቃ ያገኘ ቆፋሪ ከደመወዙ ላይ ጉርሻ ይሰጠው ስለነበር ወሬው ለማመን ቀላል ሆነ። ስድስቱም በከተማው ሰው ፊት አታላይ ተብለው ተባረሩ። ጋሽ ዘሪሁን ቢሟገቱ ማን ሰምቷቸው! ከዚያ ወዲያ አክሱምን ረግጠው አያውቁም። በየዓመቱ ለኅዳር ጽዮን እሄዳለሁ ብለው ትኬት ይቆርጣሉ፣ ሻንጣ ያዘጋጃሉ፣ ኅዳር ሃያ አንድ ግን አዲስ አበባ ቤታቸው ቁጭ እንዳሉ ያልፋል። ከስድስቱ ዛሬ በሕይወት ያሉት እዚያው አክሱም የሚኖሩት አቶ ወልዱ ብቻ ናቸው።

“በምን ፊቴ ወልዱን ልየው?” ይላሉ።

ነገሩን የሚፈታው ጭቃው ነው። ማኅተሟ ከሮም ገበያ የመጣች ከሆነ ጭቃዋ የጣልያን ይሆናል። እዚያው አክሱም በጥንት ሰው እጅ የተሠራች ከሆነ ግን ጭቃዋ አብረዋት ከወጡት ተራ ገሎች ጋር አንድ ይሆናል። ይህን የሚለይ መሣሪያ አገራችን የለም። ከዴንቨር አጠገብ፣ ሌክውድ በምትባል ከተማ ግን ትንሽ የኑክሌር ምርምር ሪአክተር ያለው ቤተ ሙከራ አለ፤ የጣልያንን የጥንት ሸክላ ብዙ ዓመት ሲመረምር ኖሯል። ተጻጻፍን፣ ፈቃድ ጠየቅን፣ ደጅ ጠናን። በመጨረሻ የተፈቀደልን የምስር ፍሬ የምታህል አንዲት ቀዳዳ መብሳት ነው። ሁለተኛ የለም።

የምሄድ ዕለት ጠዋት ጋሽ ዘሪሁን ቤታቸው ጠሩኝ።

“ፀዳለ፣ ክፉ ከሆነ ከዚያው በስልክ ንገሪኝ” አሉ። “ደግ ከሆነ ግን እንዳትደውዪ። መጥተሽ ንገሪኝ።”

“ጋሼ፣ ደግሞ መርዶ በስልክ ይነገራል?”

በአገራችን ክፉ ወሬ ማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። እሳቸው ግን ገልብጠውታል።

“ክፉውን ብቻዬን ልስማው፤ የሚያዝንልኝ ፊት ማየት አልፈልግም። ደጉን ነው ፊት እያየሁ የምፈልገው” አሉኝ።

ዓርብ

ቺካጎ ላይ ጉምሩክ ያዘኝ። ከማኅተሟ ሌላ ከአክሱም ገሎች የተፈጨ ዱቄት በትናንሽ ብልቃጦች ይዤ ነበር። የጉምሩኩ ሰውዬ ብልቃጦቹን በብርሃን አየ፣ አነቃነቀ፣ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ከፍቶ አሸተተ። ከምድር ዳርቻ ዱቄት ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወዲያው የፊልም ማስቀመጫዋን ከፈተና ማኅተሟን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወጣት።

“ምንድን ነው?”

“ሸክላ ነው። እባክህ አትጣላት።”

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ባለማኅተሙን የፈቃድ ደብዳቤ ሙጭጭ አድርጌ ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። ሦስተኛ ሰው መጣ፣ ደብዳቤውን አነበበ፣ አሳለፉኝ። እኔ ሳልፍ ግን የዴንቨሩ አውሮፕላን ሄዷል። የሚቀጥለውን ስጠብቅ ቦርሳዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ፤ ሽንት ቤትም አልሄድኩም።

የዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ ነው። ጣሪያው የነጭ ድንኳን ረድፍ ይመስላል፤ ትልቅ ሠርግ የተደገሰ ትላላችሁ፣ ዙሪያው ግን ባዶ ሜዳ ነው። ጋሽ ከማል ስሜን በአማርኛ የጻፉበትን ካርቶን ይዘው ቆመዋል። የሥራ ባልደረባዬ የከድር እኅት እትዬ ዘሃራ ባለቤት ናቸው። የመርካቶ ልጅ ናቸው፣ አሁን አውሮራ ከተማ ታክሲ ይነዳሉ። ከቀትር ጀምረው ሲጠብቁኝ የዕለቱ ሥራቸው ቀርቷል።

“ምንም አይደል፣ ኦፍ ወስጃለሁ” አሉኝ። “ፓርክ ያደረግኩት ሩቅ ነው፣ ቦርሳሽን አምጪው።”

“ይሄን እኔው ልያዘው።”

አንዴ አዩኝና ሻንጣዬን አነሱ። መኪና ውስጥ ውሃ ሰጡኝ።

“ጠጪ። ዴንቨር ሃይ አልቲቱድ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ራሱን ያመዋል።”

“ጋሽ ከማል፣ አዲስ አበባ እኮ በከፍታ ከዚህ ትበልጣለች።”

መብራት እስኪለቅ አሰቡ። “ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ አልቲቱድ ነው እያልኩ ስታመም ኖርኩ!”

ቤታቸው ከኢስት ኮልፋክስ ገባ ብሎ ነው። ኮልፋክስ ጫፉ የማይታይ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ የኛ መንገድ ቤት ሲያገኝ ዞር ይላል፣ ይህኛው ለማንም አይዞርም። ከቤቶቹ ፊት አጥር የለም። ዘበኛ የለም፣ ውሻም ሲጮህ አልሰማሁም። ሰው ግን የት ሄደ?

እትዬ ዘሃራ በር ላይ አቅፋ ሳመችኝ፤ “አንቺ” ካላልሽኝ አላስገባሽም ብላ ገና እደጃፉ ላይ አስማለችኝ። ወዲያው ወደ ወጥ ቤት ጎትታ አንድ ድስት አሳየችኝ። ዋጋው የተለጠፈበት ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

“ይሄ ያንቺ ነው። ኮልፋክስ ላይ የእናንተ ሥጋ የሚሸጥ ሀበሻ አለ፤ ከማል ያመጣልሻል፣ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ከኛ ድስት ጋር አይነካካም። እንግዳዬ በኔ ምክንያት ጾም ስትውል አልወድም።”

አገር ቤት ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋር ከሥጋ በስተቀር የማንካፈለው የለም፤ አድገንበታልና ልብ ብዬው አላውቅም። ሰው ሳያውቀኝ ለኔ ሃይማኖት ብሎ ድስት ሲገዛ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜና እሑድ

ጋሽ ከማል ቅዳሜ ጠዋት የስልክ ካርድ ገዝተውልኝ መጡ።

“በይ ደውዪ። ደርሻለሁ፣ ሰላም ገብቻለሁ በያቸው።”

የኔ ቤት ስልክ ገና አልገባም። አዲስ አበባ ያለኝ ቁጥር የጋሽ ዘሪሁን ብቻ ነው። ብደውል ገና ድምፄን ሲሰሙ አለቀ ይላሉ።

“በኋላ እደውላለሁ” አልኩ።

በኋላም አልደወልኩም። ምክንያቱን ልንገራቸው ብዬ ሟርት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሑድ ማታ እትዬ ዘሃራ ካርዱን ፍሪጁ ላይ አስቀመጠችው። ባልየው በጎን “ከቤተሰቧ ተጣልታ ነው የመጣችው እንዴ?” ሲሏት ሰማሁ። ሰው አገር ገብቶ ደረስኩ የማይል ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

ሰኞ

እንቅልፍ የለኝም፣ አየሩ ደግሞ ጉሮሮ ያደርቃል፤ ስነሳ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። እትዬ ዘሃራ አየችኝና አገጬን ያዘች።

“እንዲህ ሆነሽ ነው ፈረንጅ ፊት የምትቀርቢው? ነይ፣ ቁጭ በይ።”

ከጓዳ የነሐስ የኩል ዕቃ አመጣች። የእናቷ ነው። መኳያውን ነክራ በዓይኔ ውስጥ አሳለፈችው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ዓይኔን ወዲያው አበረደው። ከሠርጌ ወዲህ ተኩዬ አላውቅም። መስተዋት ስታሳየኝ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስን ይዞ መሀል ከተማ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ሌላ ይያዛል። የኛ አውቶቡስ ላይ ሰው ይገፋሃል፣ ግን ያወራሃል። እዚህ የሚገፋ የለም፣ የሚያወራም የለም። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተራሮቹን እያየሁ ሄድኩ። እዚያ አገር አቅጣጫ የጠፋው ሰው ተራራ ይፈልጋል፤ ተራራው ሁልጊዜ በምዕራብ ነው። እኔም እንጦጦን በሰሜን ሳይ ነው ያደግኩት፤ ገና ስወርድ ዞሮብኝ ምዕራቡን ሰሜን ብዬ በማላውቀው ግቢ ብዙ ዞርኩ።

የቤተ ሙከራዋ ኃላፊ ዶክተር ካረን ሽበታም፣ ቀጭን፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ካረን በዪኝ አለችኝ። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሰው በባዶ ስም መጥራት አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ሁለቱን ሳምንት “ይቅርታ” እያልኩ ነው ያናገርኳት።

“ቀለበትሽን አውልቂ” አለች። “የወርቅ ብናኝ ከገባ ምርመራው ይበላሻል። ሐብልም፣ ሰዓትም፣ ጌጥ የሚባል ሁሉ።”

የጋብቻ ቀለበቴን፣ የአንገት መስቀሌን፣ ሰዓቴን አውልቄ ሰጠኋት። ጓንት አጠለቅኩ። በትንሿ መሰርሰሪያ ራሷ ልትበሳ ስትል ለመንኳት፤ በስድስት ሰው ስም ላይ የምትበሳን ቀዳዳ ለሌላ እጅ መስጠት አልቻልኩም። ትንሽ አይታኝ መሰርሰሪያውን አቀበለችኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልኩ ለራሴ ቀስ ብዬ ሠራሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። ዓይኔ ሳይርገበገብ ብዙ ከማየቱ የተነሳ እንባ ሞላው፤ በጓንቱ ጣት ጠረግ አደረግኩትና ቀጠልኩ። ቀይ ዱቄት እንደ ሚጥሚጣ በወረቀቱ ላይ ተከማቸ። በዚያው ጣቴ መታ መታ አድርጌ ብልቃጥ ውስጥ አስገባሁት። ካረን ከወዲያ ጥግ የአክሱሙን ገል ዱቄት እየመዘነች ነበር።

ቀሪውን እሷ አስረዳችኝ። ዱቄቱ ሪአክተሩ ውስጥ ይገባና ኒውትሮን በሚባሉ ረቂቅ ቅንጣቶች ይደበደባል። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሁሉ የየራሱን ጨረር እየረጨ ማንነቱን ይናገራል። የጣልያን ጭቃ አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፣ የአክሱም ሌላ። እስኪበርድ ግን አንድ ሳምንት ይጠበቃል።

ያ ሳምንት

ረቡዕ በረዶ ጣለ። እትዬ ዘሃራ መስኮት ላይ ቆማ፣ “ይሄው ስደትሽን ተመልከቺ” እያለች ትስቃለች። በየማለዳው ትኩለኛለች፤ ለምዶብኝ ራሴ እቀመጥላት ጀመር። ልጃቸው ሰሚራ ቤት ውስጥ በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤ እናትየው ስታፈጥባት ግን አማርኛዋ ከየት እንደሚመጣ ይመጣል። ቅዳሜ ጋሽ ከማል ሥጋ ገዝተውልኝ በአዲሱ ድስት ቀይ ወጥ ሠራሁ። ብቻዬን በላሁ፤ እነሱ በራሳቸው ሳህን ከበውኝ ስለ መርካቶ ያወራሉ። ምግቡ ግን አልወርድ አለኝ። ፍሪጁ ላይ ያለችው ካርድ ታየኛለች።

ሁለተኛው ሰኞ

ካረን ስታየኝ አልተነሳችም። ወንበር ሳበችልኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ ተራራ የመሰለ መስመር ወጣ ገባ ይላል። አንደኛው ጫፍ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ነው።

“ይሄ አንቲሞኒ ነው” አለች በጣቷ ነክታ። “ጭቃ ውስጥ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። ማኅተምሽ ውስጥ ያለው ግን ልክ የለውም። የጣልያን ሸክላም እንዲህ አይልም፣ የአክሱሙ ገልም እንዲህ አይልም።”

“ታዲያ እንዲህ የሚለው የት ነው?”

“ፋብሪካ። ቀለም፣ ፕላስቲክ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እኔ የማምነው የቅርብ ጊዜ ሥራ መሆኑን ነው።”

ከጣልያንም ባሰ። ሰውዬው ገበያ ላይ የሚሸጥ ነው ያለው እውነት ሆነ ማለት ነው።

“እንደገና እንብሳት” አልኩ፣ ያልኩትን ራሴ ሳላምን።

“ፈቃድሽ አንድ ቀዳዳ ነው የሚለው።”

የተረፈው ዱቄት እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ነው። ተመሳሳይ ነው የሚናገረው። ወደ አውሮራ ስመለስ አውቶቡሱ የት እንዳደረሰኝ አላውቅም፤ ካሰብኩት ፌርማታ አልፎ ነው የወረድኩት፣ በበረዶ ጭቃ ተመልሼ በእግሬ መጣሁ።

ከእራት በኋላ ካርዱን ከፍሪጁ ላይ አነሳሁ። አዲስ አበባ ነግቷል። ቁጥሩን አንድ በአንድ መታሁት። ረጅም ሹሹታ፣ ከዚያ ጥሪ፣ ከዚያ ቀጭን የደከመ ድምፅ፦

“ሃሎ?”

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም።

“ሃሎ? ማን ልበል?”

ዘጋሁት። ዘግቼ እዚያው ወንበር ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሰሚራ ከሳሎን “ማሚ፣ ሺ ኢዝ ክራይንግ!” ስትል ሰማሁ፤ እትዬ ዘሃራ እየሮጠች መጣች። ማን ሞተ አለችኝ። ማንም አልሞተም ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጉድጓዱን፣ ስድስቱን ሰዎች፣ የስልኩን ውል፣ አንቲሞኒውን። ጋሽ ከማል በር ላይ ቆመው ይሰማሉ።

“እኔን!” አሉ። “እኔ ደግሞ ደውዪ ደውዪ እያልኩ መርዶ ላስነግርሽ!”

እትዬ ዘሃራ ሶፍት ሰጠችኝ። ዓይኔን ጠረግኩት። ሶፍቱ ጠቆረ።

ጥቁሩን አየሁት። ደግሜ ጠረግኩና ደግሜ አየሁት። የኬሚስትሪ ዲግሪ አለኝ፤ ተማሪ ሳለሁ ኩል ከምን ድንጋይ እንደሚሠራ ተፈትኜበታለሁ። ቀለበቴን አውልቄ፣ መስቀሌን አውልቄ፣ ዓይኔን ግን ተኩዬ ነው የገባሁት።

“እትዬ ዘሃራ፣ ኩሉ!”

“ኩሉ ምን ሆነ?”

“ኩል እኮ አንቲሞኒ ነው! ስበሳ ዓይኔን ጠርጌ በዚያው ጣቴ ዱቄቱን ነካሁት!”

ቀስ ብሎ ገባት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

“እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው በኔ ደረሰ በዪኛ። የሰው ስም በእጄ አበላሸሁ?”

“አንቺ ምን አደረግሽ? ዓይን የጠረገችው እኔ!”

አላመነችኝም። ማልቀሱ የሷ ተራ ሆነ፣ ማባበሉ የኔ። ከማባበሉ ቀጥሎ ያለውን ማለት ግን ከበደኝ። ካረን ወሬ አትቀበልም፤ ኩሉ ራሱ መመርመር አለበት። የእናቷን ኩል ስጪኝ፣ ሪአክተር ይግባ እንዴት ይባላል? ስልላት ተነስታ ገባች። ከጓዳ ስትመለስ የነሐሱን ዕቃ በሁለት እጇ ይዛለች።

“እናቴ ከመካ ነው ያመጣሁት ብላኛለች” አለች። “ጥቂት ውሰዱ። ከየት እንደሆነ ቢያውቁ እንኳ እንዳትነግሪኝ። እሷ መካ ካለች መካ ነው።”

ማክሰኞ

ጋሽ ከማል ሥራ አልገባም ብለው ሌክውድ ድረስ ወሰዱኝ። ካረን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

“ሰው የሚፈልገው ውጤት ሲያጣ ምክንያት አያጣም” አለች። “ይህ ካንቺ ቤት የመጣ ግምት ነው፣ ማስረጃ አይደለም።”

ተናደድኩ። ካገሬ ሰው ጋር ብሆን ኖሮ ድምፄ ከፍ ይል ነበር። “እንግዲያው ማስረጃ አድርጊው” ብዬ የኩሏን ብልቃጥ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

ዓይኔን አየችው። በዚያን ጠዋት አልተኳልኩም፤ ከትናንት የቀረ ጥቁር ግን በሽፋሽፍቴ ሥር አለ። ንጹሕ ጥጥ አምጥታ እርሱንም ጠረገችና ለብቻ አስቀመጠችው። የገመትኳትን ያህል ክፉ አልነበረችም።

“ኩሉ ውስጥ ከአንቲሞኒ ሌላ ምን እንዳለ ማወቅ አለብን” አለች። “ሌሎቹንም ንጥረ ነገሮች በክሎብሽ ከሆነ ምርመራው ከነአካቴው ይጣላል። አንቲሞኒን ብቻ ከሆነ ግን እርሱን ሰርዘን የቀሩትን እናነባለን። ለኩሉ ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሐሙስ ነይ።”

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። እትዬ ዘሃራ ሶላቷን ስትጨርስ ሰጋጃዋ ላይ ቆየት ትላለች። እኔም በበኩሌ ለጽዮን ተሳልኩ። ቤቱ ውስጥ ስለ ማኅተሟ የሚያነሳ አልነበረም። የስልክ ካርዷን ማን እንደደበቃት አላውቅም፣ ከፍሪጁ ላይ ጠፍታለች።

ሐሙስ

ካረን በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ኩልሽ አንቲሞኒና ጥቂት አርሴኒክ ነው፤ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም” አለች። “ከዓይንሽ ላይ የጠረግኩትም እንደዚያው። ማኅተሟ ላይ ያለው ትርፍም በዚያው ልክ ሁለቱ ናቸው። ሰረዝኳቸው።”

ከዚያ ሁለት መስመሮችን አንዱን በሌላው ላይ አስተኛች፤ አንዱ የማኅተሟ፣ ሌላው የአክሱም ገል። ወጣ ሲሉ አብረው፣ ዝቅ ሲሉ አብረው። ቀጥላ የጣልያኑን አመጣች። የትም አልገጠመም።

“ይህ ጭቃ” አለች ካረን፣ “ጣልያንን አያውቃትም።”

አቀፍኳት። እንደ እንጨት ቆመች፤ ቆይታ ግን ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። የቀሩት ንጥረ ነገሮች ገና ለሳምንታት ይለካሉ፣ መልስሽን አይለውጡትም ብላ ፈርማ ወረቀት ሰጠችኝ። ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ ኩሉ ዓይን ያቃጥላል ወይ? ያበርዳል አልኳት።

ቤት ስደርስ እትዬ ዘሃራ ፊቴን አይታ እልል አለች። አሜሪካ ውስጥ እልልታ ሲሰማ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል ብለው ጋሽ ከማል አፏን ሊይዙ ሮጡ።

“አሁንስ? አሁን ትደውያለሽ?” አሉኝ።

“አሁንማ ጨርሶ!”

ቅዳሜ

ሻንጣዬን ስዘጋ እትዬ ዘሃራ ድስቱን አጥባ፣ አድርቃ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው። “የእንግዳ ድስት ነው፣ እንግዳ ይመጣል” አለች። ከዚያ የነሐሱን ዕቃ አምጥታ አስቀመጠችኝ።

“አሁን የሚመረምርሽ የለም። ደህና አድርጌ ልኳልሽ።”

እንዳላለቅስ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ ተኳልኩ። ጋሽ ከማል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኙኝ፤ ቦርሳሽን ልያዝልሽ ሲሉኝ በዚህ ጊዜ ሰጠኋቸው።

ቦሌ

የምመለስበትን ቀን ቢያውቁም ጋሽ ዘሪሁን ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ከተቀባዩ ሕዝብ ኋላ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አሮጌ ሻንጣ እግራቸው ሥር አድርገው ቆመዋል። ከስተዋል። ሰውን እየገፋሁ ሄድኩ። ገና ሰላም ሳልላቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይኔን ትኩር ብለው አዩት።

“ተኩለሻል” አሉ።

“አዎ ጋሼ።”

“መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው አይኳልም።”

እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ አልጠረጉትም፤ ሰዉ እያያቸው ዝም ብለው አለቀሱ። ሲረጋጉ፣ “አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ” አሉኝ። “ሃሎ ብል ዝም። የሩቅ አገር ሹሹታ ነው። ያን ቀን አረጀሁ። ግን አልተናገረም፤ ካልተናገረ ገና ነው አልኩና ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩ።”

“ደግ ባይሆንስ ኖሮ?”

“እንደ ሁልጊዜው ይዤው ቤቴ እመለሳለሁ።”

ማኅተሟን በጥጧ ውስጥ እንዳለች አሳየኋቸው። ቀዳዳዋን በትንሽ ጣታቸው ነኩ። ከደረት ኪሳቸው የአክሱም አውቶቡስ ትኬት አወጡና ሰዓቱን በመነጽር አነበቡ፤ ማለዳ ነው። መንገዱ ለሳቸው ዕድሜ ሩቅ ነው፤ ለአቶ ወልዱ ደብዳቤ ይጻፍላቸው፣ በሰው እንላክላቸው አልኳቸው።

“እንዴት ተደርጎ!” አሉ ሻንጣቸውን እያነሱ። “እኔ የወልዱን ፊት እያየሁ ነው የምነግረው።”